ምስር የምታክል ፊት

ለውድ እኅቴ ለእታለም ደብረወርቅ ተክለ ማርያም
አሰብ

እታለም፣ ከሁሉ በፊት ለጤናሽ እንዴት ነሽ? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? ባለፈው የጻፍሽልኝ የገላ ማሳከክ ተሻለሽ ወይ? አቶ አዛናውስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ድንቅነሽስ ትምህርቷን እየበረታች ነው? እኔ ወንድምሽ፣ ባለቤቴ ገላነሽ፣ እናታችንና አባታችን ቆመን እንሄዳለን። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ ተውኩት። አልጋ የያዘ ግን የለም፣ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

አቶ ካሴና የአገራችን ሰዎች በማለዳ ቤትሽ ድረስ መጥተው የታናሻችንን የማረውን መርዶ እንደነገሩሽ ሰምተናል። መርዶ በደብዳቤ አይነገርምና እነሱ እስኪደርሱሽ ብዬ እጄን ሰብስቤ ቆየሁ። ወሬውን ያመጣው ከማረው ጋር አንድ ጦር ውስጥ የነበረ የሐሙሲት ልጅ ነው። ቆስሎ ሲመለስ እኛ ቤት ጎራ አለና እኔው ራሴ አፈር አልብሼዋለሁ አለን። ሌላ ያመጣልን ነገር የለም፤ ቀበቶም ቢሆን፣ መሐረብም ቢሆን።

እኔን ብትጠይቂኝ ምንም አልተሰማኝም። ይህን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ለቅሶ የመጣውን ሰው አስገባለሁ፣ መቀመጫ አቀርባለሁ፣ እግዜር ያጥናህ ሲሉኝ አሜን እላለሁ። ሐኪም ጥርሴን ሊነቅል መርፌ የወጋኝ ጊዜ ድዴ እንደሆነው ሆኛለሁ፤ መኖሩን አውቃለሁ፣ ብነክሰው አያመኝም። ሥራዬን እሠራለሁ፣ ገበያ ስወጣም ሰው ሲስቅ እስቃለሁ።

የእናታችን ነገር ግን አሳሰበን። አባታችን ቤተ ክርስቲያን ሲውሉ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ከቁሐር አምጥቻት እኔ ዘንድ ናት። ሰልስቱም አርባውም አልፎ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። እህል ስናቀርብላት ቆርሳ ይዛ ትቀመጥና እጇ ላይ ይደርቃል። ያልወጣ እንባ ሆድ ገብቶ ይገላል እያለ ሰዉ ሁሉ ፈራላት፤ አባታችንም ፈሩ። አንድ ቀን ከሚካኤል ቀድሰው መጡና አጠገቧ ተቀምጠው ምነው ወለተ ሚካኤል፣ ልጅሽን አታለቅሽውም ወይ ቢሏት እንዲህ አለች፦

«ዓይኔን ስጨፍን መልኩ አይመጣልኝም። መልኩ የጠፋኝን ልጅ ምን ብዬ ላልቅሰው?»

እንደምታውቂው የእኛ አገር ሰው ሬሳው ያልመጣለትን ሟች ልብሱንና ፎቶውን ይዞ ሜዳ ወጥቶ ነው የሚያለቅሰው። ልብሱ አለ። ፎቶ ነው የሌለው። ጉድ በይኝ እታለም፣ የፎቶ አንሺ ወንድም ፎቶ የለውም። እናታችን ከእኛ በኋላ ከሱ በፊት የተወለዱትን ሁለቱን ስለቀበረች፣ ይህንንስ ማረልኝ ብላ ስሙን ማረው አለችው፤ ዓይን ይበላዋል እያለችም ካሜራ ባወጣሁ ቁጥር ነጠላዋን ትጥልበት ነበር። ካደገ በኋላ ደግሞ ለምዶት ራሱ ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ሆኖ ከገበያ ታፍሶ ሄደ።

አንድ ብቻ ተገኘ። የገበሬ ማኅበሩ የመጀመሪያውን ሩዝ ያጨደ ዓመት ሊቀመንበሩ አባላቱን ሁሉ አውድማ ላይ አቁሞ ፎቶ አስነሥቶኝ ነበር። ማረው ከኋላ ከበሬዎቹ አጠገብ ቆሟል፤ ያን ቀን ሳላውቅ ሳይዞርብኝ ይዤዋለሁ። ነጋቲቩን የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤታችን የገባ ክረምት ውኃው ወሰደው፤ የቀረው ማኅበሩ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ነው። ለምኜ አወረድኩት። የማረው ፊት እዚያ ላይ ምስር ታክላለች፣ ዓይኑን ከአፍንጫው አትለዪውም።

ይህችን ምስር የምታክል ፊት እንደገና በካሜራ ቀርቤ ላተልቃት አሰብኩ። ካሜራ ግን እንደ ሰው ዓይን ነው፤ አፍንጫው ሥር ያመጡለትን ነገር ያደበዝዘዋል። ጎንደር ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬ ድሮ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ ሌንሱን ነቅለህ ገልብጠህ ግጠመው፣ ሩቅ ማየቱን ትቶ ቅርብ ያያል ብሎኝ ነበር። ገልብጬ ገጠምኩት። በሌንሱና በካሜራው መካከል ከካርቶን የጠቀለልኩትን ቱቦ አስገባሁ፤ ብርሃን እንዳይሰርቅ በጥቁር ጨርቅ ጠመጠምኩት። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ነገሩ ይተልቃል፣ ግን ይጨልማል። ስለዚህ የቀትርን ፀሐይ በመስኮት በኩል በመስተዋት እየመለስኩ አበራበታለሁ።

ወደ ማረው ከመሄዴ በፊት እጄን በሌላ ነገር አፍታታሁ። የሩዝ ፍሬ አነሣሁ፤ ለካ ገለባው ትልም ትልም አለው፣ ጠጉርም አለው። ጨው አነሣሁ፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ማዕዘን ያለው ድንጋይ ነው። የሞተ ዝንብ በመርፌ ወግቼ አቆምኩና ዓይኑን አነሣሁ፤ ወንፊት ነው የሚመስለው። እዚያ ድረስ ስትቀርቢ ትንፋሽ እንኳ ሥራ ያበላሻል፤ ዓይኑ ሲጠራ ክንፉ ይደበዝዛል፣ ክንፉ ሲጠራ ዓይኑ ይጠፋል። ትንፋሼን ይዤ ካሜራውን በጣት ገፋ፣ መለስ እያደረግሁ ቀኑ ይመሽልኛል። ገላነሽ አይታ አይታ፣ ሰው ወንድሙን ያለቅሳል፣ አንተ ዝንብ ትገንዛለህ አለችኝ። ቢያንስ ልቆጣ ይገባኝ ነበር። ቁጣውም አልመጣም።

ከዚያ ወደ ፎቶው ዞርኩ። መጀመሪያ በአጭሩ ቱቦ አነሣሁት፤ አጥቤ ሳትመው ፊቷ አውራ ጣት አከለች፣ ግን የድብዝዝ ጎረምሳ ፊት ናት፣ የማንም ልጅ ልትሆን ትችላለች። ለእናታችን ብናሳያት እጇ ላይ አገላብጣ ይህ የማነው ልጅ ብላ መለሰችልን። ስቀርብ ይበልጥ የማገኘው መስሎኝ ሌላ ቱቦ ቀጠልኩ፣ በዚያም ላይ ሌላ ቀጠልኩ፤ የቀረኝን ፊልም ሁሉ ጨረስኩበት። የከተማው መብራት ሲመጣ በትልቁ ወረቀት ላይ አተምኩት። ፊት የለም። ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ጤፍ አንሶላ ላይ የተዘራ ይመስላል። ዓይን ይሆናል ያልኩት ቦታ ነጠብጣብ ነው፤ አፍ ይሆናል ያልኩትም ነጠብጣብ ነው። የልቅሶው ቀን ለቅዳሜ ተቆርጧል፣ አገር ተጠርቷል፣ ሌላ ፊልም ከባሕር ዳር እስኪመጣ የለም። ወረቀቱን እንዲደርቅ በሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩትና ተኛሁ። እንቅልፍ አልከለከለኝም።

ጠዋት ወረቀቱን ላወርድ ግድግዳው ሥር ቆሜ ሳለሁ እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። በሩን ከፍታ እዚያው ደፉ ላይ ቀረች፤ እጇ መቃኑን ይዟል።

«ማረው» አለች።

ከሜዳ ሲመለስ ትጠራው በነበረው ድምፅ ነው የጠራችው። ዞሬ ወረቀቱን አየሁ፤ ነጠብጣብ ነው። እናቴ ምን ታይቶሽ ነው አልኳት።

«ፀሐዩ ዓይኑ ገብቶበት ግንባሩን ቋጥሯል። አታየውም እንዴ?»

እየሮጠች መጥታ ልትስመው ወረቀቱ ላይ ስትደርስ ጠፋባት። በእጇ ዳበሰችው፣ ግራ ገባት፣ ወደ ኋላዋ ሄደች፤ በሩ ጋ ስትደርስ እንደገና አገኘችው። እዚያው ተቀመጠችና አለቀሰች። እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። ገላነሽ ጩኸቱን ሰምታ መጣች፣ ከጎኗ ቆማ አየችና እሷም ያዛት። ጎረቤቱ በሩ ላይ እየደረሰ፣ ቀና እያለ፣ እያየ አለቀሰ። አባታችን ሲመጡ መስቀላቸውን እንደ ወትሮው ለማሳለም ከደረታቸው አላነሡም፤ ይህ የእኔ ግንባር ነው ብቻ ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ቅዳሜ ቁሐር ሜዳው ላይ አገር ወጣ። ፎቶውን በሰሌዳ ለጥፈን ከእንጨት ጫፍ ላይ አሰርነው፤ ሰዉ ዙሪያውን ከሩቅ ቆሞ ስለነበር ሁሉም አየው። አልቃሿ ከዓይን ተሸሽጎ ያደገው ዛሬ ለአገር ወጣ እያለች ሙሾ ስታወርድ እናታችን መሬት ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እህል ቀምሳለች፣ ሌሊትም ትተኛለች። እንጨቱን ተሸክሜ ሜዳውን የዞርኩት እኔ ነበርኩ፤ ለእኔ የደረሰኝ የሰሌዳው ጀርባ ነው።

እናታችን፣ ልጄ በርቺ፣ ልጅሽን ስለ ልጄ ሳሚልኝ ብላሻለች። አባታችን ከነቤተሰብሽ ይባርኩሻል፤ የማረውን ስም በቅዳሴ ያነሡታል። ገላነሽ እጅ ነሥታለች። ለአቶ አዛናው ሰላምታዬ ይድረሰው፣ ድንቅነሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ለአቶ ካሴም ስለ ድካማቸው እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።

አንድ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ እንዳትከፍቺው። እጅሽ ላይ ይዘሽ ብታዪው ምንም አታገኚም፤ ግድግዳ ላይ ስቀዪውና እስከ በሩ ራቂ፣ አቶ አዛናውም አጠገብሽ ይቁም። የእኛው ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ከክንድ በላይ ርቄ ግን አላየሁትም፤ ስገባም ስወጣም አንገቴን ደፍቼ ነው። አሁን ደብዳቤውን አሽጌ አሰብ ለሚወርደው ሹፌር ለመስጠት በዚያው በር እወጣለሁ። ደፉ ላይ ስደርስ ዞር ልበል አልበል፣ ይህን ስጽፍልሽ ገና አላወቅሁም።

ወንድምሽ አንለይ ተክለ ማርያም

ወረታ፣ የካቲት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.