የተደፋ ቅል

ጎሩባንዳ፣ አረፋ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ኒያሜ ከተማ፤

ሰላምታዬ ከጎሩባንዳ ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከደጅህ ይድረስ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆቹ እንዴት ናችሁ? ያ ጉልበትህስ ተሻለው? እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ ከንዴት በቀር ደህና ነን።

ጽሑፉን አይተህ ማን ጻፈለት እንዳትል። ራሴ ነኝ። በማታ ትምህርት ከሃያ ሦስት ሰው አንደኛ ወጣሁ፤ ሁለተኛ የወጣው ሙአዚኑ እስካሁን አኩርፎኛል። ከቲማቲም ቆርቆሮ እስከ ማዳበሪያ ከረጢት ያላነበብኩት የለም። የቀሩኝ ፍየሎቹ ናቸው፣ የተጻፈባቸው ነገር ስለሌለ። ድሮ ለአንተ የምልከውን ሁሉ አስተማሪዋ ሐምሳቱ ሰምታ ነበር የምትጽፍልኝ። ይህን ግን ከእኔና ከአንተ በቀር ያየው የለም። እንኳንም ተማርኩ።

ወደ ንዴቴ ልግባ። ከኩሬው ማዶ ካለው የጥንት ሰዎች መቃብር ሽማግሌውን ሰረቁት። ታውቀዋለህ፤ ዝናብ አንገቱን ያወጣው፣ የሰው ጭንቅላት ያለው ማሰሮ፣ ልጆች ሆነን ባለፍን ቁጥር አያቴ እንዴት ዋሉ የምንለው። ስንት መቶ ዓመት በአፉ ተደፍቶ የሰው አጥንት ሲጠብቅ ኖሮ፣ አሁን የማንም ሀብታም ሳሎን ማስጌጫ ሊሆን ነው። ለመሆኑ ሰው ከሙታን ላይ ክዳን ያነሣል?

የባሰው ደግሞ የመንደሩ ሹም ሐማኒ ጥፋቱን በፉላኒው ከብት አርቢ በሳምቦ ላይ ጣለው፣ የላሞችህ ኮቴ እዚያ ተገኝቷል ብሎ። እስከ አረፋ ማሰሮውን ካላመጣ ከነከብቱ ይውጣ ተባለ። ሚስቱ እኮ መውለጃዋ ደርሷል። ሳምቦ በሸንጎው መሐል ተነሥቶ፣ «ጋሽ ሐማኒ፣ እኔን ዶማ ይዤ ካያችሁኝ አብዷል ብላችሁ እሰሩኝ። ውኃ እንኳ የምጠጣው እናንተ ከቆፈራችሁት ጉድጓድ ነው» አለ። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሹሙ ዞር ብሎ፣ «አንተ ገልፋጣ፣ ተማርኩ ካልክ ሄደህ ጉድጓዱን አንብብልን» አለኝ።

ሄድኩ። አነበብኩትም።

ሌባ ሲቆፍር ከዚህ በፊት አይተናል፤ አጥንቱን እንደ ጭራሮ በትኖ ነው የሚሄደው። ይኼኛው ግን አፈሩን መልሶ ደልድሎታል። በእጄ ገለጥ ሳደርገው የማሽላ አገዳ ተረብርቧል፤ ከአገዳው ሥር አጥንቱ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ በቀኝ ጎን፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መካ አዙሮ ተኝቷል። እስልምና አገራችን ሳይገባ ለሞተ ሰው። እጁ ለምዶበት እንጂ አስቦበት የሚያደርገው አይደለም። ራስጌው ላይ ደግሞ የተሰነጠቀ ቅል ተደፍቷል። በዚህ አገር መቃብር ቆፍሮ ሲጨርስ ቅል የሚደፋ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አላህ ይማረውና አባታችን ነው። ቅሉን ሹሙ ሳያየው አንሥቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ ወዲህ ምግብ አይጥመኝም።

ለመሆኑ ባለፈው ወር ይዘኸው የሄድከው የማሽላ ከረጢት እንዴት ሆነ? ላሸክምህ ብል፣ ተው ወገብህ ይቀጫል ብለህ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈኸው መኪና ላይ ወጣህ። ማሽላ እንዲህ ሲታቀፍ አይቼ አላውቅም። እስካሁን ከቤትህ ካልወጣ፣ ለበዓሉ ስትመጣ ይዘኸው ና። እዚህ በጣም ይፈለጋል።

ሽማግሌዎቹ ጉድጓዱ ምን አለ ብለው ሲይዙኝ፣ ስለዚህ ማሰሮ ከሁላችንም በላይ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ኒያሜ አለ፣ እጽፍለታለሁ፣ እስከ አረፋ መልሱ ይመጣል አልኳቸው። አልዋሸሁም። ካልመጣ ግን፣ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ እኔ ዘንድ አለ፤ ጮክ ብሎ በማንበብም አንደኛ የወጣሁት እኔው ነኝ።

አላህ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ሸክምህን ያቅልልህ።

አንተና አባባ ስትቆፍሩ ቅሉን አቀብል የነበርኩት
ታናሽ ወንድምህ