አትመለስ ያልኩህ እኔ ነኝ

ልጄ ሂበር፣ ጌታ በፊንላንድ በምታንኳኳው በር ሁሉ ደግ ሰው ያውጣልህ፤ ብርዱንም ያርቅልህ።

ደህና ነን ብዬ መጀመር አቃተኝ። የኮክ ፍሬውን በጠርሙስ አሽጌ ጨርሻለሁ፣ ተርኪ ዶሮዎቹም ተሸጠዋል፤ አባትህ ግን ከመኸር ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። ሐኪሙ እስከ ገና መድረሱን ይጠራጠራል። አባትህ ራሱ "ለልጁ እንዳትጽፊ፤ የስብከት ተልእኮውን ይጨርስ" ይለኛል። የቤተ ክርስቲያናችን እህት ሶረንሰንም ድንች በአይብ ጋግራ ይዛ መጥታ፣ "ነግረሽ ልቡን ለሁለት እንዳትከፍይው" ብላኛለች።

ስሸኝህ "ብሞት እንኳ ሁለት ዓመትህን ሳትጨርስ አትመለስ" ያልኩህ እኔ ነኝ። ቅድመ አያቴ ኪርስተን ለእምነቷ ተሰድዳ፣ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ፣ የእጅ ጋሪዋን እየጎተተች እዚህ ሸለቆ ደረሰች እያልኩ አሳደግኩህ። የሸሸግኩህ ነገር አለ። ባሏ ከኋላ በሕሙማን ሠረገላ ውስጥ ሲሞት፣ እሷ ከፊት ጋሪ እየጎተተች ነበር። እስከ እርጅናዋ "ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም" እያለች ታለቅስ ነበር።

በእኛ በሞርሞኖች ዘንድ ተልእኮውን አቋርጦ የመጣ ልጅ እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ። የሚሉትን እኔን ይበሉኝ። አባትህ አይምጣ ይበል እንጂ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል።

መላእክት መንገድህን ይጠብቁ። የሰው በር ይቆይህና፣ ልጄ፣ የእኛን አንኳኳ።

እናትህ ላሩ