ኮባ ለብሰው የተቀበሩ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ስድስተኛው ፓፓያ ተላጠ። እጄ እስከ ክርኔ ብርቱካንማ ሆኗል። በአንድ እጄ ማማሰያ፣ በአንድ እጄ እስክሪብቶ። ደብተሬ፣ እዚህ ጥግ ላይ ያለው ነጠብጣብ ፓፓያ ነው፤ አትቀየመኝ።

የትናንቱ ድስት አረረ። የዛሬው ካረረ ሌላ ፓፓያ የለም። እነዚህን ትዕግሥት ናት ከሀደሮ ያስመጣችልኝ። እኔ የማስተምርበት ት/ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ አሠራሩንም በወረቀት ጽፋ የሰጠችኝ እሷ ናት። ፓፓያው ተቀቅሎ በወንፊት ይጠለላል፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣ፣ ስኳር፤ በመጨረሻ አቼቶ። አቼቶ የሚለውን ሁለቴ አስምራበታለች።

ይህ ሁሉ ድካም ለዳዊት ነው። ባሌ ከስድስት ዓመት በኋላ መስከረም 15 ከደ/አፍሪካ ይገባል። እዚያ እሑድ እሑድ ሥጋ ከሰል ላይ እየጠበሱ፣ ፍሬ የገባበት ጣፋጭና ኮምጣጣ ሶስ ይቀቡታል አሉ። ባርቤኪው ሶስ። ስልክ ላይ ስለሱ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ስለ ቤቱ ሲያወራ እንደዚያ አይሆንም። እውነቱን ልንገርህ? ፈርቻለሁ። ለመስቀል መጥቶ፣ በልቶ፣ ተሰናብቶ ይሄዳል ብዬ ፈርቻለሁ።

አማቴ ደግሞ ወሬውን ሰፈር አዳረሱት። አማ ነው የምላቸው፣ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። ለመስቀል በሬ አብረን የምናርድ፣ ከእኛ ጋር አሥራ ሁለት ቤት ነን። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጠርሙስ ቃል ገብተዋል። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ድስቱ እየተንተከተከ ነው። ልሂድ።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ይህን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው። አቼቶውን አልጨመርኩም።

ከሱቅ ያመጣሁት ጠርሙስ ላይ የወይን ዘለላ ተስሏል። አማ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸው ጠቆረ። ጌታን ከተቀበልን ወዲህ በዚህ ቤት መጠጥ ገብቶ አያውቅም አሉ። መጠጥ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ሆምጣጤ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስም ላይ አለ፣ ለጌታ በመስቀል ላይ ያቀረቡለት እኮ ነው አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

«ታዲያ ጌታን ያንገላቱበትን ነው ለልጄ የምታበይው?» አሉኝ።

ጠርሙሱን ከዱቄት ጆንያው ጀርባ ወሸቅኩት። ቤት ውስጥ ሁለት ሎሚ ነበር፤ እሱን ጨመቅኩ። ለዚያ ሁሉ ድስት ሁለት ሎሚ! ባዮ. አስተማሪ ነኝ፤ አሲዱ ለጣዕም ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ባል የሌለበት ቤት ውስጥ ከአማት ጋር ስድስት ዓመት የኖረች ሴት የትኛውን ጠብ እንደምትጣላ ትመርጣለች። ይህን አልመረጥኩም።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

አሥራ ሁለት የማርማላታ ጠርሙስ ሞላ። ጥብቅ አድርጌ ከደንኩ። ቀለሙ ያምራል። መደርደሪያው ላይ ቆመው ሳያቸው ኮራሁ፣ አልዋሽህም።

ዳዊት ደወለ። ይኮመጥጣል ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። አቼቶ አለው? አለው አልኩ። ትዕግሥትም ጠይቃኝ ነበር፤ ለእሷም እንደዚያው። አንዴ ከዋሹ በኋላ ሁለተኛው ይቀላል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ፣ ማታ ከእራት በፊት

ቀኑን ሙሉ የተማሪ ምዝገባ። ስመለስ መደርደሪያው ባዶ! አማ ግን ደስ ብሏቸዋል። ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል፣ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ቀብረውታል። አንድ ባንድ በኮባ ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጭነው። አንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ አይተዋል፤ አረፋ ካወጣ ሊበስል ነው፣ ቆጮም መሬት ገብቶ ነው ሰው የሚሆነው አሉ። ለልጃቸው ጥሬ ነገር አያቀርቡም።

ሳቅኩ። አመሰገንኩም። አረፋው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የታሸገ ነገር ለምን አረፋ ያወጣል?

መስከረም 5፣ ሰኞ፣ ት/ቤት፣ የእረፍት ሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካልተነበበ ለዚያ ነው።

የአሥረኛ ክፍል ትምህርት እያዘጋጀሁ ነበር። ባክቴሪያ። በየዓመቱ የማስተምረው ምዕራፍ። አየር የማይፈልጉ አሉ። አፈር ውስጥ ይኖራሉ። ዘራቸው በተራ መፍላት አይሞትም። አሲድ በሌለበት፣ አየር በሌለበት፣ በታሸገ ምግብ ውስጥ መርዝ ይሠራሉ። መርዙ ሽታ ላይኖረው ይችላል። ነርቭ ይይዛል። መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ መዋጥ፣ በኋላ መተንፈስ።

ፓፓያ ብዙ አሲድ የለውም። ነጭ ሽንኩርቱ ከአፈር የወጣ ነው። ጠርሙሱ ጥብቅ። በዚያ ላይ ተቀበረ። ይህን ለልጆች በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ስንት ዓመቴ ነው? ጌታ ሆይ።

ትዕግሥትን እንደ ዋዛ ጠየቅኳት። እሷም እንደ ዋዛ መለሰች፤ አቼቶ እስካለው ድረስ ምንም አይሆንም አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ደወል ተደወለ። ዘጋሁት።

መስከረም 7፣ ረቡዕ፣ 9 ሰዓት ተኩል

አማ የእናቶች ጸሎት ሄደዋል። ቆፈርኩ።

ድንጋዩን ሳነሳ ቆጮ ቆጮ ሸተተኝ፤ ለአፍታ ተጽናናሁ። ኮባውን ፈታሁ። የመጀመሪያው ክዳን አብጧል። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ቋ ብሎ ተመለሰ። አንዱ ጎኑ ላይ አንጠባጥቧል። በጠቅላላ አምስት ያበጠ፣ ስድስት ያላበጠ።

አሥራ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ። አፈሩን በእጄ በረበርኩ፤ ጥፍሬ ተሰበረ። አሥራ አንድ።

አሥራ አንዱን በማዳበሪያ ከትቼ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩ። ጉድጓዱን እንደነበረ አለበስኩ። አሥራ ሁለተኛው የት ነው?

መስከረም 8፣ ሐሙስ፣ ማታ 12 ሰዓት

ስለ በሬው እንነጋገር ብዬ አምስት ቤት ዞርኩ። ዓይኔ መደርደሪያ መደርደሪያውን ነው። እትዬ ወርቅነሽ ምን ጠፋብሽ አሉኝ። ምንም አልኩ። በየቤቱ ልጆች አሉ። በየቤቱ ሰላምታ እየሰጠሁ የሰው ዓይን ቆብ አያለሁ፤ የወደቀ እንደሆነ። እያበድኩ ነው።

አማን በዘወርዋራ ጠየቅኳቸው። ጠርሙሶቹ ሁሉም ጉድጓድ ውስጥ ናቸው አይደል? ሁሉም አሉ፣ አሥራ ሁለቱም አሉኝ፤ ሲሉኝ ግን ወደ በሩ ያያሉ። ዋሽተዋል። እኔም ባዶ ጉድጓድ ከድኜ ዝም አልኩ። አንድ ቤት፣ ሁለት ውሸታም።

ለምን እውነቱን አልነግራቸውም? ልንገርህ። ምራቷ መርዝ ሠራች ይባላላ! ሆሳዕና ትንሽ ከተማ ናት። ባልዋ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው፣ ባዮሎጂ የተማረች፣ መርዝ የምታውቅ ምራት። ወሬው ከዳዊት አውሮፕላን ቀድሞ ይደርሳል።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

ተገኘ።

የአማን አልጋ ላነጥፍ ገባሁ። መስኮቱ ሥር የማርማላታ ጠርሙስ። ታጥቧል። ውስጡ አዝራርና መርፌ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

አማ መጥተው አዩኝ፤ እንደ ሕፃን አፈሩ። ማክሰኞ ዕለት አንዱን አውጥተው ኖሯል። ክዳኑ አብጦ ነበር ወይ? ትንሽ ተነፍቶ ነበር፤ ስከፍተው ተነፈሰ፤ በደንብ በስሏል ብዬ ደስ አለኝ አሉ። ለምን ከፈቱት?

«ስድስት ዓመት የሰው አገር የበላ ሆድ ነው። ልጄ ከሚታመም እኔ ልቅመሰው ብዬ» አሉ። ቀጥለው ፈገግ አሉ። «ጣፈጠኝ። በቆጮ እየበላሁ ትናንት ጨረስኩት።»

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። እኔ የሰው ቤት ስዞር እሳቸው እዚህ እየበሉ።

አሞዎታል ወይ አልኩ። ኧረ ደህና ነኝ፤ አፌ ብቻ ይደርቃል፣ ቆጮውም ከዛሬ ጠዋት ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል አሉ። ዓይንዎስ? ዓይኔ ድሮም ሞራ አለበት፣ ረሳሽ እንዴ?

አዎ፣ ሞራ። ከአምና ጀምሮ ደብዘዝ ይልባቸዋል። የአፍ መድረቅ የሙቀቱ ይሆናል። ጉሮሮውም ጉንፋን። ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ብል ለምን ይሉኛል፤ ለምን ካሉኝ…

ቅድም ሻይ ሳቀርብ ሁለት ጊዜ ትን አላቸው። አሁንም ጉንፋን እያልኩ ነው። ፈሪ ነኝ ደብተሬ። እንደዚህ ዓይነት ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

መስከረም 11፣ እሑድ፣ ጠዋት 1፡15

ለቤተ ክርስቲያን እየለበስን ነበር። አማ ነጠላቸውን ይዘው ቆሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ።

«ሁለት ሆንሽብኝ እኮ» አሉ።

ሞራ ሰውን ሁለት አያደርግም ብል፣ ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ግን የቀኝ ዓይን ቆባቸው ወርዷል። ድምፃቸውም በአፍንጫቸው ነው። ጉንፋን አይደለም። በቃ። ባጃጅ ጠራሁ።

1፡40፣ ባጃጅ ውስጥ

መንገዱ ያንገጫግጫል። ያበጠ ጠርሙስ አንድ፣ ያላበጠ አንድ፣ በፌስታል ይዣለሁ። አንተንም ቦርሳዬ ውስጥ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። አቼቶውን እንዳልጨመርኩ፣ ጨመርኩ ብዬ እንደዋሸሁ፣ ጉድጓዱን ረቡዕ ቆፍሬ ያበጡትን እንዳየሁ፣ አራት ቀን ዝም እንዳልኩ። ሾፌሩ መስማቱን ረሳሁ። አማ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እጄን ያዙ። እጃቸው ይሞቃል፤ ይጨብጣል ገና።

ቀስ ብለው፣ ቃሉ እየተጎተተባቸው፣ ጥሬ ሥጋ በላች በያቸው አሉኝ። ለዳዊትም እንደዚያ በዪው። ሽታውን ጠልቼ አቼቶውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ስምሽ አይነሳ አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፈርቻቸው የኖርኩት እኚህን ሴት ነው።

አለቀስኩ። አሁንም እያለቀስኩ ነው።

2፡20፣ ሐኪም ቤት፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ

አልጋ ላይ አስተኝተዋቸዋል። ኦክስጅን አጠገባቸው ተደርጓል፤ ገና አልገጠሙላቸውም። ነርሷ ትንፋሻቸውን በሰዓቷ ትቆጥራለች። እኔም ከበሩ ሆኜ እቆጥራለሁ።

ወጣት ዶክተር ነው። ምን በሉ፣ መቼ በሉ፣ ስንት ቀን፣ ውስጡ ምን ምን ነበር አለኝ። ሰዓት ሁሉ ያስፈልገኛል አለ። መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ደውሎ ለመጠየቅ፣ መኪናም ለማዘዝ እርግጠኛ መሆን አለበት። ጥሬ ሥጋ ከሆነ ሌላ ነገር ነው የምሰጣቸው አለ።

ጥሬ ሥጋ። እሱ ራሱ አመጣው። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አማም ከአልጋው ላይ በዚያ በወረደ ዓይናቸው እያዩኝ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ በይ፣ በይ እያሉ።

ጥሬ ሥጋ አይደለም አልኩት፤ ጠርሙሶቹን ከነፌስታሉ ሰጠሁት። ቀኑም የገባበትም ደብተሬ ላይ ተጽፏል፣ አምጥቼ ላሳይዎ አልኩ። አሁኑኑ አምጪ አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የነሐሴ 28ን ገጽ ያዝኩ። ለመቅደድ አንድ ሰከንድ ነው የሚበቃው። የቀረው ሁሉ ስህተት ነው ይባላል፤ ሰው ይሳሳታል። ይህ ገጽ ግን እያወቀች አደረገችው ይላል። ዳዊት ሐሙስ ይገባል። ትዕግሥት ታነባለች፣ አሥራ አንድ ቤት ይሰማል፣ ተማሪዎቼ ይሰማሉ። ያኔ ዳዊት ይቆያል ወይስ ይሄዳል፣ አላውቅም።

ነርሷ ስሜን ጠራች። ደብተሬ፣ ከዛሬ ወዲያ የእኔ ብቻ አይደለህም።

አልቀደድኩትም።

ዶክተር፣ ከነሐሴ 28 ይጀምሩ። ጽሑፌ ካልተነበበልዎ በሩ ላይ ነኝ፤ እኔ አነብልዎታለሁ።