ወጥመድ በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲፈታ ላዘዙት ኃላፊ

ለተከበሩ የብሔራዊ ፓርካችን ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ መጋረጃ የከበደ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በፓርኩ በር ላይ ባሰቀሉት ትልቅ ሰሌዳ «ተፈጥሮን የምትወዱ ሁሉ፣ በሚመቻችሁ ቀንና ሰዓት መጥታችሁ በነጻ አገልግሉ» ብለው ሲጠሩን፣ የተጻፈውን እንደተጻፈ አንብበን ለመምጣት ስለደፈርን በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመጣሁት ታላቅ እህቴን እታለምን ይዤ ነበር። እታለም ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከቤት መውጣት ትታ፣ መስኮት እንኳ ስንከፍትላት ተነስታ የምትዘጋ ሰው ሆና ነበር። እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ ጓንት አጥልቀን ከእግር መንገዱ ዳር አረም መንቀልና ጎብኚዎችዎ የጣሉትን ፕላስቲክ መልቀም ስንጀምር ግን፣ እኔ ሳልቀሰቅሳት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቀኝ ጀመር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ሳያውቁ የሠሩት ብቸኛው በጎ ሥራ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ድኩላዋ። አንድ እሑድ ከጅረቱ በላይ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ድኩላ የፊት እግሯ በሽቦ ወጥመድ ተይዞ አገኘናት። ስትታገል አድራ ሽቦው ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ለቢሮዎ ደወልኩ። ተረኛው በትሕትና ካዳመጠኝ በኋላ፣ ወጥመድ የባለሙያው ጉዳይ መሆኑን፣ ባለሙያውም ሰኞ ጠዋት እንደሚገባ፣ እስከዚያው እንስሳዋን እንዳንነካት ነገረኝ። እስከ ሰኞ እንድትታገሥ ማን እንደሚነግራት ብጠይቀው ስልኩ ተዘጋ። ጥንቃቄ ለተሞላበት አመራርዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

እታለም የአንገት ልብሷን አውልቃ የድኩላዋን ዓይን ሸፈነችና ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ትዳብሳት ጀመር። እኔ ወደ በሩ ስሮጥ፣ ከቁመቱ የተነሳ ሁላችንም ረጅሙ የምንለውን ጥበቃ ፈረቃውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ደረስኩበት። አለቃ ላስፈቅድ አላለም፤ ፒንሳ አንስቶ ተከተለኝ። ሽቦውን ሲቆርጠው ድኩላዋ መለቀቋን ያመነች አትመስልም ነበር፤ ከዚያ ብድግ ብላ እያነከሰች ጫካው ውስጥ ገባች። እታለም ዓይኗ እስከቻለ ተከተለቻትና «ሄደች እኮ» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው። በማግስቱ አስጠርተውን ቆመን አዳመጥንዎት፤ እታለም ጉልበቷን ስለሚያማት በርዎን ተደግፋ ነበር። ያለ ፈቃድ፣ ያውም ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የዱር እንስሳ መንካት ምን ያህል ከባድ ጥፋት እንደሆነ አስረዱን። ሰሌዳው የሚለውን ባስታውስዎ የመለሱልኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «በሚመቻችሁ ሰዓት ማለት፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ በሚመቻችሁ ሰዓት ማለት ነው።» እንዲህ ያለ አእምሮ በአንድ ፓርክ አጥር ውስጥ ታጥሮ መቅረቱ አገርን የሚጎዳ ነው። ከዚያም የበጎ ፈቃድ አገልጋይነት ባጃችንን ተቀበሉን።

ሦስተኛው ያንገበግበኛልና ትሕትናዬ ቢያጥር ይታገሡኝ። ረጅሙን ከጫካው አንስተው መኪና ማቆሚያው ላይ የእርስዎን መኪና እንዲጠብቅ መደቡት። ይህን ሲነግሩን እታለም «ልጄ፣ እሱን ከምትቀጣ እኔን ቅጣኝ፤ የያዝኳት እኔ ነኝ» አለችዎ። እርስዎም «እማማ፣ እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ስልክዎ አቀረቀሩ። ባሏ የሞተባት አሮጊት ዘመዷ ባልሆነ ሰው ፈንታ ልቀጣ ብላ ስትለምን ቀና ብሎ አለማየት ብርቱ የአንገት ጡንቻ ይጠይቃል፤ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

እህቴ ተመልሳ ቤቷን የምትዘጋ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። አልዘጋችም። በተከታዩ እሑድ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጠን ገባን፤ ቦርሳዋ ውስጥ የራሷን ፒንሳ ይዛለች። በመኪና ማቆሚያው ስናልፍ ለረጅሙ ቁርስ ሰጠችው፤ እሱም ወጥመድ የሚበዛበትን አቅጣጫ በአገጩ አሳያት። ይህንንም እንደ ጥፋት ከቆጠሩት የእኔና የእሷ ነው፤ እሱ መኪናዎን እየጠበቀ ነበር። ወደ ጫካው ይመልሱት።

ጊዜዎን በማባከኔ እያዘንኩ፣ ባከነ የምለውም ከምን ላይ እንደሆነ በውል ሳላውቅ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

ባጅ የሌላት ልብስ ሰፊ

ከፈረምኩ በኋላ የሰማሁት፦ በዚያው እሑድ ከሰዓት፣ እኛ ከወጣን በኋላ፣ ከዚያው ቁጥቋጦ ሌላ ድኩላ ተይዛ ነበር አሉ። ያገኟት ጎብኚዎች ለቢሮዎ ደውለው እንዳይነኳት ስለተነገራቸው አልነኳትም። ባለሙያው ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ደርሶ መሞቷን አረጋግጧል። ደንቡ አንድም ሳይጓደል ተከብሯልና እንኳን ደስ ያለዎት።