ቆዳዋ የጠራ ጊዜ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ጠናልሽ? ባለቤትሽና አማትሽ እንደምን ናቸው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ያ ደህንነት ከተባለ ደህና ነኝ።

የልጄ የሚጡዬ መርዶ የደረሰኝ ስፌት ላይ ሳለሁ ነው። አለቃችን መጥታ ማሽኑን አጥፊውና ተነሺ አለችኝ። እኛ ፋብሪካ በሥራ መሀል ማሽን የሚያስጠፋ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ምን ተፈጠረ ብዬም አልጠየቅኋት። የሚጥላት በሽታ ትምህርት ቤት ተነሥቶባት አልለቅ አላት። መምህሯ እጇን ይዣት ነበር እያለች አለቀሰችብኝ።

እህቴ፣ የምጽፍልሽ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። የልጅሽን ፎቶ የላክሽልኝ ጊዜ፣ ሚጡዬ አታይምና፣ ምን ትመስላለች ንገሪኝ አለችኝ። እግሯ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በመስመር ተደርድሯል አልኳት። እንደኔ ናታ! አሻንጉሊቴን ግን አላካፍላትም፣ የራሷን ይግዙላት ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አማትሽ ሙቀት ነው፣ ይተዋታል ብለውሻል። እውነታቸውን ነው። የኔንም ትቷት ነበር። ቆዳዋ የጠራ ጊዜ እልል ብለን ሐኪም ቤት መመላለሱን ተውን። ዓይኗ ከውስጥ ይበላሽ የነበረው ያኔ ነው። በኋላ የዓይን ሐኪሙ እሷን አይቶ ሲያበቃ፣ እስቲ አንቺ አፍሽን ክፈቺ አለኝ። ይሄ ሰውዬ ምን ነካው ብዬ ነበር። ሾጣጣ ጥርሴንና ባቴ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር አየና፣ ከእናት የሚወረስ ነው፣ ቆዳንም ጥርስንም ዓይንንም ነርቭንም ይይዛል፣ የሚጥላትም ከዚሁ ነው አለኝ። ገና በአራስነቷ ብታመጪያት የዓይኗን ደም ሥር በጨረር እናክመው ነበር አለኝ።

እማዬ ሁለታችንንም የአይጥ ጥርስ እያለች ስትቀልድብን ትዝ ይልሻል? እሷስ ወንድ ልጅ አልጸናላት ያለው ለምን ይመስልሻል? ይሄው በሽታ ወንዱን ገና በማኅፀን ሳለ ይገድለዋል ብሎኛል ሐኪሙ።

ለቅሶ እደርሳለሁ ብለሽ እንዳትመጪ። ልጅሽን የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ ቆዳዋ ቢጠራም ውሰጃት። ሚጡዬ አላካፍልም ያለችውን አሻንጉሊት ልኬልሻለሁ። ከልጅሽ ፊት ለፊት አወዛውዢው፣ በዓይኗ ትከተለው እንደሆነ እዪና ጻፊልኝ፤ እለምንሻለሁ።

እግዚአብሔር የዓይኗን ብርሃን ያቆይልሽ። ይህን ስታነቢ የሚሰማ ሁሉ ለልጄ ነፍስ ይጸልይላት። አንቺ ግን ቁጭ ብለሽ አትጸልዪ፤ ልጅሽን ታቅፈሽ፣ መንገድ ላይ ሆነሽ ጸልዪላት።

ታላቅ እህትሽ፣
የሚጡ እናት