ከሰማይ የወረድሽ ዕለት

ከሮቢት ይድረስ ዱባይ ላለሽው እህቴ ለትርሲት። እንደምን ከርመሻል? እኛ ከነንዴታችን ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለፋሲካ ፈቃድ ከለከሉኝ ብለሽ ቀረሽ። ለካ በዚያው ሰሞን ኬንያ ለሽርሽር ሄደሽ፣ ከማታውቂው ሰው ደረት ጋር በቀበቶ ታስረሽ ከአውሮፕላን በፓራሹት ስትዘይ ነበር። ጎሽ። የላክሽውን ቪዲዮ ለእማዬ ከማሳይ እጄን በቆረጠው።

መሬት ስትነኪ እልል አለች። ያኔ ዱባይ ስትሄጂ፣ «ልጄ ከአውሮፕላን በሰላም ከወረደችልኝ» ብላ ለሚካኤል የተሳለችውን ጥላ በማግስቱ ወስዳ አስገባች። «ኧረ ገና አልመጣችም» ብላት፣ «ስትወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቼ?» ብላ ተቆጣችኝ። የማን ጥፋት ነው? ያንቺ ነው።

ማሽላው ዘንድሮ ደህና ይዟል። እማዬ ወጡ ላይ ጨው ደጋግማ ታደርጋለች፤ ባሌን በአባታችን ስም ትጠራዋለች። እሱ ይስቃል፣ እኔ እበሽቃለሁ።

ትናንት ደግሞ አንቺን ልትቀበል በጎብዬ መንገድ ብቻዋን ስትሄድ ባለባጃጅ አግኝቶ አመጣት። ከባጃጁ ስትወርድ እኔን አየችና፣ «መጣሽ ትርሲቴ» ብላ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ምን ልበላት?

ደህና ሁኚ።

እስክትመጪ ድረስ በስምሽ አቤት የምልልሽ እህትሽ፣
ወሰንየለሽ