ዶን ኤቫሪስቶ ኪንታና እና ካርታው ላይ ያልነበረችው ሰፈር

«ኤቫሪስቶ ላ ጋርሳ ሰፈርን በአንዲት በቅሎ ሸጣት» እያሉ ዓሣ ነጋዴዋ ዶኛ ኤዱቪሂስ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደቡ ላይ ሲያወሩ ኖረዋል። ዛሬ በቀብራቸው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋልና፣ እኔ የዶን ኤቫሪስቶ የእህት ልጅ የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው ቢያዳምጡልኝ ደስ ይለኛል።

ዶን ኤቫሪስቶ ከታንኳ ሠሪው ከዶን ሊሳንድሮ ኪንታናና ከዶኛ ፌሊሳ ኦሮስኮ፣ በማግዳሌና ወንዝ ዳር በፑዌርቶ አልዳና፣ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1944 ተወለዱ። ወንዙ ሞልቶ ትምህርት ቤቱን ሲወስደው ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው፣ የቀረውን እየቀዘፉ ተማሩ። በ1969 ከዶኛ ኦልፋ ቤኒቴስ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1971 ቀያሾች ከዋና ከተማው ሲመጡ የመለኪያ ሰንሰለት ጎታች ሆነው ተቀጠሩ። የመጨረሻው ቀን ሥራ በደቡብ ጫፍ፣ ረግረጉ ላይ ያለችው ላ ጋርሳ ነበረች። ያን ቀን ወባ ይዟቸው ነበር። ቤቶቹ ጉም ላይ ሲንሳፈፉ፣ ነጫጭ የውኃ ወፎች ሰንሰለቱን ሲጎትቱላቸው ይታያቸው እንደነበር ነግረውኛል።

በ1973 ካርታው ተስሎ መጣ። በመስታወት ተከቶ፣ ፍሬሙ በማኅተም ታሽጎ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ላ ጋርሳ አልነበረችበትም። ካርታው ላይ የሌለ ሰፈር ደግሞ ቧንቧም መብራትም አይገባለትም። በበቅሎ ጉቦ አስወጣት የሚለው ወሬም ያኔ ተነሳ።

ዶን ኤቫሪስቶ ከዚያ ወዲህ በማዘጋጃ ቤቱ የካርታ ክፍል ባገለገሉባቸው ሠላሳ ስድስት ዓመታት፣ ከሥራ ሲወጡ በታንኳ ወደ ላ ጋርሳ እየሄዱ «ይህ ቤት መኖሩን አይቻለሁ» የሚል ወረቀት ለየቤቱ ጽፈው ሰጥተዋል። ቅጂውን ይዘው ሲቀርቡ ዘጠኝ ከንቲባዎች ተቀብለው፣ ግድግዳውን ቀና ብለው አይተው፣ «እዚህ የለማ፣ ዶን ኤቫሪስቶ» ብለዋቸዋል። የበቅሎዋ ወሬ ሲነሳባቸውም ለዶኛ ኤዱቪሂስ «ካገኘሻት አምጪልኝ፣ እግሬን ያመኛል» ከማለት በቀር የመለሱት የለም።

በ2008 ወንዙ ላ ጋርሳን ጠርጎ ወሰዳት። ሰው አልሞተም፤ ሁሉም ወደ ኮረብታው ወጣ። እነዚያ ወረቀቶች ግን ለቀናት ውኃው ላይ ሲንሳፈፉ ሰነበቱ። ዶን ኤቫሪስቶ በዓመቱ ጡረታ ወጡ።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲተኙ ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ ላ ጋርሳን ለክቻታለሁ ወይስ በትኩሳቱ አልሜያት ነው?» ሐሙስ ጁን 3 ቀን 2021 በሰባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ጌታ ነፍሳቸውን ግድግዳ ሳይታይ ሰው ሁሉ በሚቆጠርበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ትናንት አስከሬናቸው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሊቀመጥ፣ ካርታው ላይ ጥቁር ጨርቅ ሲሰቀል፣ ፍሬሙ ከምስማሩ ወልቆ ወደቀ። ካርታው ለፍሬሙ ረዝሞ ኖሮ የታችኛው ጠርዙ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ታጥፏል። እጥፋቱን ዘረጋሁት። ላ ጋርሳ ከሃያ ዘጠኝ ቤቶቿ ጋር እዚያ ነበረች።